ጦር የሚያቃጥለው ነዳጅ ዋጋን ስንት ይገፋል? እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። ጦርነት ሲነሳ ወታደሩ ራሱ የሚጠጣው ነዳጅ የዓለም ዋጋን ምን ያህል ይገፋዋል የምትለዋን ጥያቄ ይዤ እንደከረምኩ አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን ኤክሴሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም ያለው ነገር ስላሳየኝ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው፣ ግማሹ ግን ብሶት ነው። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሩጫ ልለፈው። አንድ በርሜል 159 ሊትር እንደሆነ፣ ብሬንትና ዌስት ቴክሳስ የሚባሉት የድፍድፍ ነዳጅ ዓይነቶች በምን እንደሚለያዩ፣ ድፍድፉ ማጣሪያ ገብቶ ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ይሄን ማንም በትንሽ ንባብ ይይዘዋል። ከዛ የመሳሪያዎቹ ፍጆታ ውስጥ ገባሁና እዛው ቀረሁ፣ ይጥማላ! ኤብራምስ ታንክ ወደ 1,900 ሊትር ይይዛል፣ ሞተሩ ተርባይን ስለሆነ ደሞ ቆሞም ይጠጣል። ቢ-52 የሚባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲሞላ ወደ 140 ቶን ነዳጅ ነው የሚሸከመው። ሰው ይሄን ሲሰማ "በቃ የሚወደደው ለዚህ ነዋ" ይላል። አይደለም! የታንክ ሊትር እየደመሩ የዓለም ዋጋ ላይ ለመድረስ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፣ መነሳት ያለባችሁ ከላይ ነው።

ከላይ ስንነሳ እንዲህ ነው። በ2017 ዓለም በቀን ወደ 98 ሚሊዮን በርሜል ተጠቀመች። ከተቋማት ሁሉ ትልቁ ነዳጅ ተጠቃሚ የሚባለው ፔንታገን ደሞ በዛው በጀት ዓመት የወሰደው ወደ 85 ሚሊዮን በርሜል ነው፣ በዓመት ነው የምላችሁ። ለ365 ስታካፍሉት በቀን 233 ሺህ ገደማ፣ ከዓለም ፍጆታ ሩብ ፐርሰንት እንኳን አይሞላም። ጦርነት ተነስቶ ይሄ እጥፍ ሆነ እንበል። ሰው ነዳጅ ስለተወደደ ብቻ በአንዴ መንዳት አያቆምም፣ ስለዚህ ፍላጎት 1 ፐርሰንት እንዲቀንስ ዋጋው 10 ፐርሰንት መውጣት አለበት ብዬ እይዛለሁ (ከዚህ ጠንከር ያለ ግምት የሚወስዱም አሉ)። ሲሰላ ጭማሪው 2.4 ፐርሰንት አካባቢ ይመጣል፣ በርሜሉ 80 ዶላር ከነበረ 2 ዶላር ቢጨምር ነው። የዓለም ትልቁ ጦር ፍጆታውን አጥፎ 2 ዶላር!

እሺ፣ ታዲያ በጦርነት ጊዜ ዋጋው እንደዛ የሚዘለው ለምንድነው? እዚህ ላይ ነው የተጣበቅኩት፣ ያጣበቀኝም የ1990ው የባህረ ሰላጤ ጦርነት ነው። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ድፍድፉ ከ20 ዶላር በታች ነበር፣ ኢራቅ ኦገስት 2 ኩዌት ገባች፣ ኦክቶበር ላይ ዋጋው 40ን አለፈ። እስከዚህ ጥሩ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1991 የአየር ድብደባው ተጀመረ፣ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ100 ሺህ በላይ በረራ ነው የተደረገው፣ እንግዲህ በዚህ ጦርነት ወታደሩ ነዳጅ የሚያቃጥልበት ጊዜ ከዚህ በላይ የለም። ዋጋው ምን ሆነ? በአንድ ቀን ከ32 ዶላር ወደ 21 ገደማ ወረደ። "የወታደር ፍጆታ" ብዬ የሰራሁት ዓምድ ሽቅብ ሲወጣ ዋጋው ቁልቁል፣ ግራፉን ያየ ሰው ጦር ነዳጅ ሲያቃጥል ይረክሳል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

የሆነው ግን ግልጽ ነው፣ ገበያው ሲከፍል የቆየው ለፍርሃት ነበር። የሳውዲ የነዳጅ ጉድጓዶች ቢመቱስ የሚለው ስጋት በመጀመሪያው ሌሊት ተነፈሰ፣ በዛው ቀን ደሞ እነ አሜሪካ ከመጠባበቂያ ክምችታቸው እንደሚለቁ አሳወቁ። ስለዚህ አሁን ሶስት ዓምድ ነው የምጠቀመው፦ ከገበያ የጠፋ አቅርቦት (የኢራቅና የኩዌት ተደምሮ በቀን ከ4 ሚሊዮን በርሜል በላይ)፣ ፍርሃትና ክምችት፣ ከዛ የጦሩ የተጣራ ጭማሪ።

"የተጣራ" የምትለዋ ናት ያደከመችኝ። ወታደር በሰላም ጊዜም ያቃጥላል፣ ልምምድ አለ፣ በረራ አለ። ሰባተኛ ኮር የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ጦር ክፍል ወደ ሳውዲ የተዛወረው ከጀርመን ነው፣ ጀርመን ውስጥ ሲያቃጥል የነበረውን ሳትቀንሱ በረሃ ላይ ያቃጠለውን ሁሉ እንደ አዲስ ፍላጎት ከቆጠራችሁ ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁ ማለት ነው። በሲቪሉ በኩል ደሞ በ1991 ሰው መብረር ፈርቶ የዓለም የአየር ጉዞ ቀንሷል፣ ይሄም ይቀነሳል። ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፈው ቁጥር ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ የድፍድፍ ዋጋ ላይ ብትፈልጉት በዋጋው የዕለት ውጣ ውረድ ውስጥ ይጠፋል።

ስለዚህ ድፍድፉን ተውኩትና ወደ ክራክ ስፕሬድ ዞርኩ፣ የምርቱ ዋጋ ሲቀነስ የድፍድፉ ዋጋ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ መሳሪያ አላየሁም፣ ስለ ጦርና ነዳጅ ብሬንትን ብቻ ይዞ የሚተነትን ሰው ሳይ ማንበብ አቆማለሁ። ጦር ድፍድፍ አይጠጣም፣ ናፍጣና የኬሮሲን ዘር (የአውሮፕላን ነዳጅ ማለት ነው) ነው የሚጠጣው። ኔቶ እንደውም ለአውሮፕላኑም ለታንኩም ለካሚዮኑም አንድ ዓይነት ኬሮሲን የመጠቀም ፖሊሲ አለው። ስለዚህ ጦር ገበያ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው የአውሮፕላን ነዳጅ ከድፍድፉ ሲርቅ ነው። ዳታው በነጻ አለ፣ የአሜሪካ ኢነርጂ ኢንፎርሜሽን አስተዳደር የቀን በቀን ዋጋ ያወጣል፣ የገልፍ ኮስት (የአሜሪካ ደቡባዊ ባህር ዳርቻ) የአውሮፕላን ነዳጅ ከአፕሪል 1990 ይጀምራል፣ ልክ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል። ስዘረጋው የ1990 መኸር ላይ ክፍተቱ ሲሰፋ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፣ ለብቻዬ ጮህኩ።

ደስታው ግን አልቆየም። የኩዌት ማጣሪያዎች ራሳቸው የአውሮፕላን ነዳጅና ናፍጣ ወደ ውጭ ይልኩ ነበር፣ እነሱም በወረራው ቆሙ። ታዲያ ክፍተቱን ያሰፋው ጦሩ የጠጣው ነው ወይስ ማጣሪያው ስለቆመ? ከቤንዚን ክፍተት ጋር አወዳድሬ ልለየው ሞከርኩ፣ ሁለቱም ምክንያት ኬሮሲኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ አልተለየም። ለጊዜው ያንን ክፍተት እንደ ጣሪያ ነው የምይዘው፣ የጦሩ ድርሻ ከዚህ አይበልጥም ብዬ።

ሌሎች ምክሮች፣ እንደመጡልኝ። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ለዋጋ ጥናት አትጠቀሙ። ጦር በእውነት ብዙ ነዳጅ የበላበት ጊዜ እሱ ነው፣ ግን የአሜሪካ መንግስት ዋጋውን ስለያዘው ድፍድፍ እስከ መጨረሻው 1.20 ዶላር አካባቢ ነው የቆየው፣ እጥረቱ የታየው በራሽን ካርድ ነው። ቤንዚን በራሽን የሆነበት ዋና ምክንያት ደሞ ጎማ ለመቆጠብ ነበር፣ ጃፓን የላስቲኩን አገር ስለያዘች፣ ስለዚህ ራሽኑም ራሱ ንጹህ መለኪያ አይሆንም። ሌላ፣ አፍጋኒስታን ላይ አንድ ጋሎን 400 ዶላር ገባ የሚባለውን ኤክሴላችሁ ውስጥ እንዳትከቱት። ያ የማጓጓዣና የአጀብ ወጪ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም።

ቀን በቀን ሳይሆን የሳምንት አማካይ ውሰዱ። በእነ አሜሪካ የብርድ ወቅት ሲመጣ የማሞቂያ ነዳጅ ፍላጎት ክፍተቱን በራሱ ስለሚያሰፋው ወቅቱን ማስተካከል አለባችሁ፣ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር አላስተካከልኩም፣ ስራው ይሰለቸኛል፣ ስለ 1990ው ክፍተት ያልኩትን ስታዩ ይሄን አስቡበት። በ2022ም ያው ጣጣ ነው፣ የናፍጣው ክፍተት ክፉኛ ሰፍቷል፣ ግን አውሮፓ ከውጭ ናፍጣ በብዛት የምትገዛው ከሩሲያ ስለነበር የጦሩን ፍጆታ ከእሱ ፈልቅቆ ማውጣት ከኩዌቱም ይብሳል፣ ገና አልነካሁትም።

የኩዌት ማጣሪያዎች በ1989 ስንት ኬሮሲን ስንት ናፍጣ ይልኩ እንደነበር በየምርቱ የተለየ ሰንጠረዥ ያለው ሰው ካለ ይላክልኝ፣ እኔ ያገኘሁት ሁሉንም ምርት በአንድ የደመረውን ብቻ ነው።