ቱስካኒን በመኪና ለምትዞሩ፦ ከከተሞቹ ቅጥር ውጪ አቁሙ

የጣሊያንን ጥንታዊ ከተሞች ለማየት ካሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ መኪና አትከራዩ። እኔን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ያለ ፈቃድ መኪና ወደማይገባበት የአሮጌ ከተማ እምብርት ነድቼ ሁለት ጊዜ ተቀጣሁ።

የቀረው ጉዞ ቀላል ነው። ሮም ላይ መኪና ጭራሽ አያስፈልግም፤ እግርና ሜትሮ ይበቃል። በቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ላይ ውረዱ። በፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት ያለው አደባባይ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሞ የኖረበት ነው። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቷል፤ ቦታውን ግን ሳታዩ አትለፉ። ከሮም ኦርቪዬቶ ባቡር ያዙ፤ የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን አስመቱት። ከጣቢያው ፊት ለፊት በገመድ የሚሳበው ባቡር ገደሉ ላይ ወዳለችው ከተማ ያወጣችኋል። ፍሎረንስም እንዲሁ በባቡር።

መኪና የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ፣ ባቡር ለማይደርስባቸው እንደ ሳን ጂሚኛኖ ላሉ ኮረብታ ላይ ከተሞች ነው። የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ዓለም አቀፍ ፈቃድም አብራችሁ ያዙ። እኔን የጎዳኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

የአሮጌ ከተሞቹ እምብርት በአብዛኛው ፈቃድ ላለው መኪና ብቻ ነው። ዞና ኤ ትራፊኮ ሊሚታቶ፣ ባጭሩ ዜታ ቲ ኤሌ ይሉታል። በር የለው፣ ሰንሰለት የለው፣ የሚያስቆም ፖሊስ የለው። መግቢያው ላይ ዙሪያው ቀይ መሐሉ ነጭ ክብ ምልክት አለ፤ ከሥሩ መግባት የሚከለከልበት ሰዓት በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ከላይ ታርጋ የሚያነሳ ካሜራ አለ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ በመብራት «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ። ቫርኮ መግቢያ ማለት ነው። «መግቢያው እየሠራ ነው፣ እለፍ» የሚለኝ መስሎኝ ገባሁ። ለካ እየሠራ ያለው ቁጥጥሩ ነው! መግባት የሚቻለው «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ሲል ነው።

ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቀጥ አድርጎ ወደዚያው መራኝ። ሆቴሉን አልፌው ዞርኩና በሌላ መንገድ ተመልሼ ገባሁ። በ12 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጥፋት ተቆጠረብኝ፤ እያንዳንዱ ማለፍ ለብቻው ይቀጣልና።

ሆቴሉ ዞኑ ውስጥ ነበር፤ ክፍል መያዜ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። አይበቃም። ሆቴሉ ታርጋችሁን ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። መኪናውን እንደተረከባችሁ ታርጋውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው፤ «አስመዝግበናል» የሚል መልስ በጽሑፍ ሳይመጣ ከቅጥሩ እንዳታልፉ። ይህን አለማድረጌ የራሴ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን ያከራየኝ ሠራተኛ ስለ ኢንሹራንስ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያግባባኝ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከሁለት ወር በኋላ ከካርዴ ሁለት ጊዜ 45 ዩሮ ተቆረጠ። ቅጣቱ ያ መስሎኝ «ተገላገልኩ» አልኩ። አልነበረም! አከራዩ ስሜንና አድራሻዬን ለፖሊስ ለሰጠበት ያስከፈለው የአገልግሎት ዋጋ ነው። ዋናው ቅጣት በዘጠነኛው ወር በፖስታ መጣ፤ እያንዳንዱ ከነመላኪያው 100 ዩሮ ገደማ። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው እስከ 360 ቀን ድረስ ሊልኩት ሕጉ ይፈቅድላቸዋል፤ ስለዚህ ዝም ካሉ ረስተውታል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ስህተቴ ከመጀመሪያው ይብሳል። ደብዳቤው በደረሰ በ5 ቀን ውስጥ የከፈለ 30 በመቶ ይቀነስለታል። እኔ እነዚያን ቀናት በኢሜይል ስከራከር ጨረስኳቸው። ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ በየአካባቢው የማዕከላዊ መንግሥቱ ተወካይ ለሆነው ለፕሬፌቶ ለማቅረብ 60 ቀን አላችሁ። ፕሬፌቶው ካልተቀበለው ግን ቅጣቱ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ወረቀቱ መብታችሁን በሰፊው ይዘረዝራል፤ የእኔ ምክር ግን ታርጋው መመዝገቡን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌላችሁ በዚያው ቀን ክፈሉና ደረሰኙን አስቀምጡ ነው።

አስጎብኚ መጻሕፍት «ቱስካኒ ያለ መኪና አይሆንም» ይላሉ። አልስማማም። መኪና ለሁለት ቀን ይበቃል፤ የምትረከቡትም መሐል ከተማ ሳይሆን ፍሎረንስ አውሮፕላን ማረፊያ ይሁን። ከመሐል ከተማ ቲ2 ትራም በ20 ደቂቃ ገደማ እዚያ ያደርሳችኋል። በኤ1 አውራ ጎዳና የምትመጡ ከሆነ ቪላ ኮስታንሳ ፓርኪንግ በቀጥታ ከጎዳናው ይገባል፤ እዚያ አቁማችሁ በቲ1 ትራም ከተማ ግቡ። ሳን ጂሚኛኖ ላይ ጁቢሌዮ የተባለው ፓርኪንግ ከቅጥሩ ራቅ ስለሚል ርካሽ ነው፤ ትንሽ ዳገት በእግር ትወጣላችሁ።

ሲዬና ላይ ሳንታ ካተሪና ፓርኪንግ አቁሙ። ከዚያ ኤስካሌተር አለ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተቀበላችሁ ዱኦሞው (ካቴድራሉ) አጠገብ ትደርሳላችሁ። ካምፖ አደባባይ ስትወርዱ እግራችሁ ሥር ያለውን ጡብ እዩት፤ በነጭ ድንጋይ መስመር ዘጠኝ ቦታ ተከፍሏል፤ በመካከለኛው ዘመን ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት የዘጠኙ ሰዎች ምክር ቤት መታሰቢያ ነው። ሰኔ 25 እና ነሐሴ 10 አካባቢ ግን መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 የፓሊዮ ፈረስ ግልቢያ ስላለ ፓርኪንግ ማግኘት ጭንቅ ነው።