ጀንደር ስተዲስ ተምሬ መጠየቅ እንዴት እንደለመድኩ

የመጀመሪያ ዲግሪዬ አካውንቲንግ ነው። ሦስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ማስተርሴን ጀንደር ላይ ልማር ነው ስል እማዬ "እሱ ደሞ ምን ያስቀጥራል?" አለች፣ አጎቴ "ብቻ ባል እንዳያስጠላሽ" አለኝ። አሁን ብዙ ልጆች እንዴት ነው፣ ይከብዳል ወይ፣ ምን ይጠቅማል እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያለፍኩበትን ልጻፍ ብዬ ነው።

ትምህርቱ የጀመረው ከምንናገረው ቋንቋ ነው። ጾታ ይዘነው የምንወለደው ነው፣ ሥርዓተ ጾታ ግን ሴት እንዲህ ትሁን ወንድ እንዲህ ይሁን ብሎ ማህበረሰቡ የሚሰጠን። ይሄን ትርጉም በአንድ ቀን ሸመደድኩት፣ የገባኝ ግን አስተማሪያችን አንድ ሳምንት ሙሉ ቤታችሁና ሥራ ቦታ የምትሰሙትን ጻፉ ስትለን ነው። ጎበዝ ስሆን "ወንዳታ!" ይሉኛል፣ የወንድሜን ልጅ አለቀስክ ብለው "ሴታ ሴት" ይሉታል፣ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ሐሳብ ደሞ አንድ ወንድ ሲደግመው ነው ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍረው። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩ ነኝ፣ ስጽፈው ግን እጄ ከበደኝ።

ሁለተኛ ያናወጠኝ ሕግ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር፣ የጋብቻ ዕድሜ ደሞ ለወንድ 18 ለሴት 15 ነበር። ይሄ የተቀየረው በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነው፣ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ የቤተሰብ አስተዳደርም የጋራ ሆነ። የድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደሞ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፣ እሱም እስከ 1997 ድረስ ቆይቷል። እማዬ በ1984 ስታገባ 15 ዓመቷ ነበር። ስታወራልን ሁሌ "ያኔ ባህሉ ነበር" ትላለች፣ እኔም ባህል ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ ሕጉም ፈቅዶላቸው እንደነበር ያወቅኩት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው፣ የዛን ቀን ታክሲ ትቼ በእግሬ ነው ቤት የገባሁት።

ንባቡ ብዙ ነው፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው፣ ማታ ለሚማር ሰው በጣም ያደክማል። እኔን የረዳኝ አንድ ነገር እያንዳንዱን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ግማሽ ገጽ በአማርኛ መጻፍ ነው፣ መጻፍ ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው። ኢንተርሴክሽናሊቲ የሚለውን ቃል (ጾታ፣ ዘር፣ ድህነት አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ የተለየ በደል ይፈጥራሉ ለማለት ነው) አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው ያመጣችው፣ ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፣ የገባኝ ግን ለቤት አጋሬ ሳስረዳት ነው። አንድ ባል የሞተባት፣ ገጠር የምትኖር፣ ማንበብ የማትችል ሴት ችግሯ የእኔ ችግር ሲደመር ድህነት አይደለም፣ ሌላ ዓይነት ችግር ነው አልኳት፣ "እንደ አያቴ በይኛ" አለችኝ። አዎ እንደ አያቷ።

ከሁሉ የከበደኝም ያስተማረኝም ግን የመመረቂያ ጽሑፌ ነው። ርዕሴ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ያሉ ሴቶችና የመሬት ደብተር ነበር። አማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስትን ስም አንድ ላይ፣ ፎቷቸውንም ጭምር ነው ያስገባው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። የእኔ ጥያቄ ስሟ ከገባ በኋላ ምን ተቀየረ የሚል ነበር።

መጀመሪያ ስሄድ መጠይቄ ላይ "በቤት ውስጥ ስለ ንብረት ማን ይወስናል?" ብዬ ጽፌ ሄድኩ። አሥራ አንድ ሴቶች ጠየቅኩ፣ አሥራ አንዱም "ተመካክረን ነው" አሉኝ፣ ግማሾቹ ባላቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ። ስብሰባውንም ቀበሌው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር የጠራልኝ፣ በዛ ሰዓት ደሞ የትኛዋ ሴት ናት ቤቷን ጥላ የምትመጣው? አዲስ አበባ ተመልሼ ለአማካሪዬ ሳሳያት ወረቀቱን አየችና "ውሳኔን አትጠይቂ፣ መጨረሻ የሆነውን ነገር ጠይቂ" አለችኝ።

ሁለተኛ ስሄድ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ እዛ ሴቶቹ ሰዓታት ይጠብቃሉ፣ ወንድ የለም፣ እኔም ጤፍ እያበጠርኩ አብሬ አወራለሁ። "ባለፈው የተሸጠው በግ ስንት አወጣ? ብሩን ማን ተቀበለ? አሁን ማን ጋ ነው?" እል ጀመር። የዛን ጊዜ ሁሉም የተለያየ ነገር ነገሩኝ፣ ዋጋውን የማታውቅ አለች፣ ራሷ ሸጣ ብሩን መቀነቷ ላይ የቋጠረችም አለች። "ደብተሩስ የት ነው ያለው?" ስላቸው አንዷ "አማቴ ቤት" አለችኝ፣ ባሏ የሞተባት እትዬ ደሞ ቤታቸው ወስደውኝ ከሳጥን ሥር በፌስታል ጠቅልለው ያስቀመጡትን አውጥተው አሳዩኝ፣ ፎቷቸው ላይ ያለውን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

የእሳቸው ነገር ነው ሁለት ምዕራፍ ያስጻፈኝ። ደብተሩ የራሳቸው ነው፣ መሬቱም የራሳቸው ነው፣ ግን ሴት ልጅ እርፍ አትጨብጥም ስለሚባል ለእኩል ነው የሚሰጡት፣ ምርቱ ግማሹ ላረሰው ይሄዳል። "አርሼ ባውቅ ጎተራዬ ይሞላ ነበር ልጄ" አሉኝ። ኤስተር ቦዝራፕ የምትባል ዴንማርካዊት ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 በበሬ በሚታረስበት አገር የሴቷ ድርሻ ከእርሻው እየራቀ ይሄዳል ብላ ጽፋለች፣ ያንን አንብቤ አስምሬበት ነበር፣ እሳቸው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ።

የምቆጭበት ነገርም አለ። አንዲት ልጅ ስለ በግ እየጠየቅኳት ድንገት ባሏ እንደሚመታት ነገረችኝና አለቀሰች፣ እኔ የያዝኩት እስክሪብቶ ብቻ ነበር፣ የት ሂጂ እንደምላት አላውቅም። የፈቃደኝነት ቅጹን አስፈርሜያታለሁ፣ ለሷ ግን ምንም አላደረገላትም። ስለዚህ ለጥናት የምትወጡ ልጆች እባካችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ፣ ፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል እንዳለው፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው ማን እንደሆነ አጣርታችሁ ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ሂዱ። እኔ ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ይዤው ሄድኩ፣ ልጅቷ ግን አካባቢውን ለቃ ነበር።

ጽሑፌን ካስረከብኩ በኋላ ለፋሲካ ቤት ሄድኩ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ስለ ጋብቻዋ ብዙ ጊዜ አውርተናል፣ እንዲህ ብዬ ግን ጠይቄያት አላውቅም፣ "እማ፣ የሠርግሽ ቀን ጠዋት ምን እየሠራሽ ነበር?" አልኳት።

ቢላውን አስቀመጠችው። "ውሃ ወርጄ ስመለስ ግቢው በሰው ሞልቶ አገኘሁት" አለች። "የማን ድግስ ነው ብዬ ጠየቅኩ።"