የሳነቴ ሁለት አይጦች በቀይ መዝገቡ ላይ

ስለ ባሌ ተራሮች የዱር እንስሳት ሲነሳ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ይወሳሉ እንጂ የቀይ ቀበሮው ህልውና የተመሠረተባቸውን አይጦች የሚያነሳ እምብዛም አይገኝም። ግዙፉ የባሌ ፍልፈልና በብሊክ ስም የሚጠራው የሣር አይጥ በባሌ ተራሮች ባለው የሳነቴ አምባ ላይ በጉርብትና ይኖራሉ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጪ አይገኙም፣ ሁለቱም የቀይ ቀበሮ ሲሳይ ናቸው። ሆኖም ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያዎችን በመጥፋት ስጋታቸው መጠን በሚመድብበት በቀይ መዝገቡ ፍልፈሉን የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው፣ የሣር አይጡን ደግሞ ወደ ስጋት ከተቃረቡት ተርታ መድቧቸዋል።

ፍልፈሉ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል። ዓይኖቹ ከአናቱ ላይ ስለሆኑ ገላውን ከጉድጓዱ ሳያወጣ አካባቢውን ይቃኛል፤ ከወጣም ብዙ አይርቅም፣ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያገኘውን ሣር በጥርሱ ሰብስቦ የኋሊት ይገባል። ቆፍሮ ያወጣውን አፈር እየተከተለች ነፍሳት የምትለቅም ትንሽ ወፍ አለች፤ እሷ በድንጋጤ ስትጮህ እሱም ይሰወራል። ቀይ ቀበሮው ግን ከጉድጓዱ አጠገብ አድፍጦ መጠበቅን ያውቅበታል። የሣር አይጡ 100 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ በቀን ብርሃን በሣር መካከል የሚሯሯጥ ትንሽ እንስሳ ነው።

በሳነቴ የአፈር ቁልሎቹን በየቦታው የሚያይ ሰው ፍልፈሉ የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት መሆኑን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ለደረጃው ልዩነት ዋናው ምክንያት ግን ብዛት ሳይሆን ስፋት ነው፦ የሣር አይጡ በአርሲ የጭላሎ ተራራን ጨምሮ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባሉ ሌሎች ከፍተኛ ቦታዎችም ሲኖር፣ ፍልፈሉ ከባሌ ተራሮች በቀር ሌላ መጠጊያ የለውም።

ምደባው በመስፈርቱ ትክክል ቢሆንም የሣር አይጡ ደረጃ የሚያዘናጋ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ልቅ ግጦሽ፣ ሰፈራና ወደ ላይ የሚገፋው እርሻ ሁለቱንም ያለ ልዩነት ይጎዳሉ። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም ከብቶች ዛሬም በውስጡ ይግጣሉ። በአካባቢው ውሾችን ከእብደት በሽታ መከተብ ለቀይ ቀበሮው ተገቢ ጥበቃ ነው፤ ከ500 በታች የቀሩትና ከግማሽ በላያቸው ባሌ የሚገኙት አዋቂ ቀበሮዎች ግን የሚበሉትም ስለሚያስፈልጋቸው፣ በሳነቴ የሚሰማራው የከብት ቁጥር ከክትባቱ እኩል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።