አሮጌ ጫማ ማክሰል፦ አራተኛው ሙከራዬ

ባለፈው ጫማውን የማከስልበት ባልዲ ክዳኑ ተስፈንጥሮ አጥሩ ጋ እንደወደቀ ነግሬያችሁ ነበር። ደግነቱ ሰው አልነካም። የጎረቤት ዶሮ ግን ሁለት ቀን እንቁላል አቆመች፣ እሱም በኔ ተሳበበ። ጥፋቱ ጋዙን ከባልዲው የሚያወጣው ቱቦ ነው። ግማሽ ኢንች ነበር፤ ከቆዳው የሚወጣው ሬንጅ የመሰለ ቅባት ውስጡ ረግቶ ደፈነው። አሁን አንድ ኢንች ተኩል፣ አጠር ያለ ቱቦ አስበየድኩ። አፉ ተመልሶ እሳቱ ስር ይገባል።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ከሰል አክሳዮች እንጨቱን አፈር አልብሰው የሚሠሩት ነው። አየር ካገኘ አመድ ይሆናል፣ አየር ካጣ ይከስላል። እኔ በአፈሩ ፈንታ ባለ ክዳን የቆርቆሮ ባልዲ ይዣለሁ። ክዳኑን በጭቃና በጤፍ ጭድ እመርገዋለሁ፣ ከስር ባህር ዛፍ አነዳለሁ።

ጫማውን የማገኘው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ከሚዞር ቆራሌ ነው። ጓደኛው የጠፋበትን በርካሽ ይሰጠኛል፤ አንድ እግር ማን ይገዛዋል?

ሥራው ያለው መለየቱ ላይ ነው። ሶሉን በቢላ እገነጥላለሁ። የመዳብ ሽቦ አግዬ ሶሉን እነካና ሽቦውን መልሼ ነበልባሉ ውስጥ አስገባዋለሁ። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። እሱ ሲግል የጨው አሲድ ጋዝ ያወጣል፤ ባልዲም ሳንባም ይበላል። እና ወዲያ! አንዴ ደህና የጎማ ሶል አረንጓዴ አሳየኝና ግራ ገባኝ። ለካ ሽቦው የነካው የማስቲሽ ቅሪት ኖሯል። አንዳንዱ ማስቲሽም ክሎሪን አለው። አሁን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ነው የምሞክረው።

የዚህ ዙር ቆዳ 3 ኪሎ ነበር። ሽታው መጀመሪያ ላይ የበዓል ዕለት መንገድ ዳር የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ ያለውን ነው። ቆዳም ፕሮቲን ስለሆነ አሞንያው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጋዙ ቱቦው አፍ ላይ ሲቀጣጠል ግን ቀለል አለ። 40 ደቂቃ ያህል እንጨት ሳልጨምር በራሱ ነደደ። ደስ አለኝ።

ቴርሞሜትር የለኝም። ሙቀቱን የነገረኝ አንድ የሴት ጫማ ዘለበት ነው። የዚንክ ቅይጥ ኖሮ ቀልጦ ከታች እንደ ሽምብራ ተድበልብሎ አገኘሁት። አጠገቡ የነበሩት የአሉሚኒየም ቀለበቶች ደግሞ ቅርጻቸውን አልለቀቁም። የዘለበት ዚንክ 400 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ አሉሚኒየም በ660። እንግዲህ ባልዲዬ መሃላቸው ነበር።

የከፈትኩት በማግስቱ ነው። ትኩሱን ከከፈታችሁ አየር ያገኝና ይነዳል። ከሰሉ 1 ኪሎ ከምናምን ወጣው። የመርፌ ቀዳዳው ሳይቀር ይታያል፣ በጣት ሲነኩት ግን ይፈርሳል። ሚስማሩንና የሶሉን ብረት ከድሮ ስፒከር በነቀልኩት ማግኔት ለቀምኩ።

ጎረቤቴ እማማ አጥሩ ጋ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ከዚህ ከሰል ለቡና ትንሽ ብትሰጠኝ ምናለ?»

«እማማ፣ ይሄ ለቡና አይሆንም። ክሮም አለበት።»

«ክሮም ደግሞ ምንድነው?»

«መርዝ በሉት።»

«ታዲያ መርዝ ግቢ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

መልስ አልነበረኝም። አብዛኛው የጫማ ቆዳ የሚለፋው በክሮም ነው። ከመጀመሬ በፊት ከቁራጩ ጫፍ ትንሽ አቃጥዬ አመዱን አየዋለሁ፤ ወደ አረንጓዴ ካደላ ክሮም ነው። አየር በሌለበት ሲከስል ክሮሙ ከሰሉ ውስጥ ይቀራል። ያንን ከሰል ምድጃ ላይ ብታነዱት ግን ከፊሉ ካንሰር ወደሚያመጣው ዓይነት፣ ክሮም 6 ወደሚባለው ሊለወጥ ይችላል። ለጎመን መደብም አይሆን፣ ለምድጃም አይሆን። ለጊዜው ጣሳ ውስጥ ከድኜ «አትንኩ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ቀጣዩን ዙር በእፅዋት በለፋ ቆዳ ብቻ ልሞክር አስቤያለሁ፤ ከየት እንደምለቅም ነው ያልገባኝ።

ብረቱን ለዚያው ቆራሌ መልሼ ሸጥኩለት። «የኔን ጫማ ነው መልሰህ የምትሸጥልኝ?» ብሎ ሳቀ። ከፈለ ግን።