ከቀዶ ጥገናው ክፍል ጀርባ ያለው ጓሮ

በምሠራበት የምሥራቅ ጎጃም ሆስፒታል፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ጀርባ አንድ ጓሮ አለ። ጽዶቹና ዋንዛው የቆዩ ናቸው። ጤና አዳሙን፣ ዳማከሴውንና ጎመኑን ግን የተከሉት ግቢውን የሚጠብቁት አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም «አያ» እንላቸዋለን። አስታማሚዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዋንዛው ሥር ይውላሉ። አምና አስተዳደሩ ይህን ጓሮ ሲሚንቶ አልብሶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አሰበ። አጥብቄ ተቃወምኩ፤ ምክንያቴም ከዚያ በፊት በአንድ ማለዳ ያየሁት ነገር ነው።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። ከገጠር ዘግይታ የደረሰች እናት በእጃችን ላይ አረፈች። ተረኛዋ ነርስ ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ሲነጋ የርክክብ መዝገቡን ከፍታ አንድ ቃል መጻፍ አቃታት። እስክሪብቶውን ይዛ ወረቀቱን ብቻ ታያለች፤ እንባ እንኳ አልነበራትም። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልገሠጸቻትም፤ «አይዞሽ» ብላም አላለፈቻትም። መዝገቡን ከፊቷ አነሣችና «ርክክቡን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ አንቺ ውጪና ከአያ ጋር ጎመኑን አርሚ» አለቻት።

አያ ምንም አልጠየቋትም። መኮትኮቻውን ሰጥተው የሚነቀለውን አሳዩአት። እጇ እየተንቀጠቀጠ አረሙንም ጎመኑንም አብራ ስትነቅል «ግድ የለም ልጄ፣ ሌላ እንተክላለን» አሏት። ጥቂት እንደ ቆየች መሬት ላይ ተቀምጣ ምርር ብላ አለቀሰች። ከዚያ እጇን ታጥባ ገባችና «የሟችን ባለቤት ማን እያነጋገረው ነው?» ብላ ጠየቀች። ሄዳ ያነጋገረችውም እርሷ ራሷ ናት።

ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን የሚያስረዳ ሐሳብ አላቸው። ለረጅም ጊዜ በግድ ተይዞ የቆየ ትኩረት ይደክማል፤ ቅጠል፣ ወፍና ደመና ግን ሳያስገድዱ ዓይንን ስለሚይዙ የደከመው የአእምሮ ክፍል ያርፋል። ሌሊቱን ሙሉ የደም ግፊትና የጉሉኮስ ጠብታ ሲቆጣጠር ላደረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባበት ያውቀዋል። የማረፊያ ክፍላችን ደግሞ የመድኃኒት ካርቶን የተከመረበት፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ቤት ነው።

ስለ ጓሮው ለተደረገው ስብሰባ ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት ይዤ ሄድኩ። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸውን 46 ሕመምተኞች አነጻጽሯል። 23ቱ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፣ 23ቱ የጡብ ግንብ። ዛፍ የሚያዩት ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአማካይ 7.96 ቀን ተኝተው ሲወጡ፣ ግንብ የሚያዩት 8.70 ቀን ቆይተዋል፤ ዛፍ የሚያዩት የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። እኔን ይበልጥ የነካኝ የነርሶቹ ማስታወሻ ነው፤ «ተከፍቷል፣ ያለቅሳል» የሚሉ ዓይነት ጽሑፎች ግንብ በሚያዩት ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ በዝተው ተገኝተዋል። እኛም በየዕለቱ የምንጽፈው ይህንኑ ስለሆነ፣ ይህን ሳነብ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ጓሮ የሰው ኃይል እጥረትን አይተካም፤ የባለሙያ እርዳታንም እንዲሁ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ በአእምሮ ጤና ክፍላችን ምክር አግኝታለች፤ የሌሊት ተረኛ ቁጥር እንዲጨመርም በዚያው ስብሰባ ጠይቀናል። ግን ሲሚንቶ ከለበሰ በኋላ እንዲህ ያለ ዋንዛ መልሶ ለማሳደግ ብዙ ዓመት ይጠይቃል።

የመኪና ማቆሚያው ወደ ዋናው በር ተዛወረ። ከተሰባበሩ አልጋዎች ብረት አግዳሚ ወንበር ተበየደና ከዋንዛው ሥር ተቀመጠ። አሁን የምጠይቀው ከሌሊት ተራ በኋላ ነርሶች በጓሮው የሚያሳልፉት ሃያ ደቂቃ በተረኛ ሰሌዳው ላይ እንደ ሥራ ሰዓት እንዲጻፍ ነው። ገና አልጸደቀም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና አቀርበዋለሁ።