በጉ ተገኘ?

ሰሞኑን ዘመድ ከደወለ ስልክ አላነሳም። ሰላምታው እንዴት እንደሚያልቅ አውቀዋለሁዋ። "እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሥራ እንዴት ነው? በጉስ ተገኘ?"

በጉ ጌም ውስጥ ያለ በግ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። ያጠፋሁትም እኔው።

ቀን ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ግን ከሦስት ወር በፊት ጌም መሥራት ጀመርኩ። የምሠራበት ሶፍትዌር ጎዶት ይባላል። ሁለት አርጀንቲናውያን የጀመሩት ነው፤ ነፃ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፋይሉ ትንሽ ነው። ሌሎቹ በጊጋ ሲቆጠሩ እሱን በቀን ፓኬጅ አውርጄዋለሁ። ላፕቶፔ ባለ 4 ጊጋ ራም ነው። ጎዶትን ስከፍትበት ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ እናቴ "ዝናብ ነው እንዴ?" ብላ ልብስ ልታወርድ ወጥታ ታውቃለች።

ጌሙ ቀላል ነው። ለበዓል ሾላ ሄደህ በግ ገዝተሃል። ገመዱን ይዘህ ቤት ታደርሰዋለህ። ሚኒባስ ሲመጣ ገመዱን ትስባለህ። በሩ ጋ ስትደርስ ታቆመዋለህ። ካላቆምከው በሩን አልፎ ከስክሪኑ ይወጣና "በጉ ጠፋ! እንደገና?" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። በአማርኛ! ፊደሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ እንዳይወጣ ሁለት ማታ ታግያለሁ። ይቺን ጽሑፍ ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ የምትሠራኝ እሷ ናት።

ድምፁ ደግሞ የእውነት በግ ድምፅ ነው። የጎረቤታችን የፋሲካ በግ ከሐሙስ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሲጮኽ ነበር። ቅዳሜ ስልኬን ይዤ ሄድኩ። አፉ ላይ ስደቅንበት ዝም። ኪሴ ስከተው "ባአአ"። ሳወጣው ዝም። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ተፋጠጥን። ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ምን እያደረግከው ነው?"

"ድምፅ እየቀዳሁ ነው፣ እማማ።"

ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ መስኮቱን ዘጉት። በመጨረሻ ስልኩን ቅጂ ላይ አድርጌ ኪሴ ከተትኩና ጀርባዬን ሰጠሁት። "ባአአአአ" አለ። ልክ ሁለት ሴኮንድ። በማግስቱ እሱ ወደ ድስት ገባ፣ ድምፁ ወደ ጌሜ ገባ።

እንግዲህ ፋሲካ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቤት ተሰብስበናል። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የአክስቴ ትልቁ ልጅ የሕንፃ ዲዛይን ስለሚሠራ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ። ታናሽየው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱ "ጋሼ፣ ጌም ትሠራለህ አሉ፤ እስቲ አሳየን" አለኝ። እኔም ፍላሹን ኪሴ ይዤ ነበር። በአጋጣሚ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር።

ሁሉም ወንበሩን አዞረ። አጎቴ መነጽሩን አደረገ። አክስቴ ረከቦቱን ትታ መጣች። እኔም ትንሽ ንግግር አደረግኩ፤ አሁን ሳስበው ትራስ የሚያስነክሰኝ እሱ ነው። "ይሄ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ በጉ የተረጋጋ ጠባይ እንዲኖረው ነው የፈለግኩት" አልኩ።

ልጁ ጀምር የሚለውን ነካ።

መንገዱ ታየ። የሆነ ነጭ ነገር በስክሪኑ ላይ አለፈ። "በጉ ጠፋ! እንደገና?"

ዝም ተባለ። ከዚያ ባዶው መንገድ ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ "አአአአ" የሚል የድምፅ ጭራ ተሰማ። በጉ ከሄደ በኋላ ድምፁ ብቻውን ቀርቶ ነበር።

"ጋሼ፣ በጉ የታለ?" አለ ልጁ።

"እንደገና ሞክር።"

እንደገና ሞከረ። ነጭ ነገር፣ በጉ ጠፋ፣ አአአአ። 19 ጊዜ ሞከረ። ቆጠራውን ያካሄደው አጎቴ ነው። ከአምስተኛው በኋላ ቤቱ በሙሉ ጽሑፉን በኅብረት ማንበብ ጀመረ፦ "በጉ ጠፋ! እንደገና?" ልክ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት። ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ለዚያ ነበር ሁለት ማታ የታገልኩት። አክስቴ ከልቧ አዝና "ስንት ገዝተኸው ነበር?" አለችኝ። አንዲት የአክስቴ ጎረቤት ደግሞ "የገጠር በግ ነዋ፣ መኪና አይቶ አያውቅም" ብለው ተከላከሉልኝ። እስካሁን ከጎኔ የቆመ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ማታ ቤት ገብቼ ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩት። በጉ ኮራ ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ይራመዳል። ከዳር እስከ ዳር 11 ሴኮንድ ተኩል። ከዳኸኝ እንዳልለው ፊቴ ቆሞ በሰላም ይሄዳል። ምስክር ግን የለም። እናቴ ተኝታለች።

ጥፋቱን ያገኘሁት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ኮምፒውተር ሥዕሉን በየሴኮንዱ ደጋግሞ ይስለዋል። እኔ በጉን "ሥዕሉ በተሳለ ቁጥር 5 ፒክስል ተራመድ" ብዬዋለሁ፤ ፒክስል ማለት ስክሪኑ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ናት። የእኔ ላፕቶፕ አቅሙ በሴኮንድ 20 ሥዕል ነው፤ 20 በ5፣ 100 ፒክስል። የእነሱ ስክሪን በሴኮንድ 144 ነው፤ 144 በ5፣ 720። የጌሙ መስኮት ከዳር እስከ ዳር 1152 ፒክስል ስለሆነ በ1.6 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ድምፁ 2 ሴኮንድ ነው። በጉ ጮኾ ሳይጨርስ አገር ለቋል ማለት ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይሄን ያጠፋው ሒሳብ ሠራተኛ ነው።

መፍትሔው አንድ ቃል ነው፦ ዴልታ። ከባለፈው ሥዕል ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳለፈ የሚነግርህ ቁጥር ነው። ፍጥነቱን በሱ ካባዛኸው በጉ በየትኛውም ኮምፒውተር እኩል ይራመዳል። ታዲያ ለምን አላባዛሁም? ምክንያቱም የምማርበት የቪዲዮ አስተማሪ፣ ቃል በቃል፣ "ስለ ዴልታ አሁን አትጨነቁ" ብሎናል። አልተጨነቅኩም! ታዛዥ ተማሪ ነኝ።

እነዚህ የቪዲዮ አስተማሪዎች ላይ ቂም አለኝ። ሁሉም ነገር "በጣም ቀላል" ነው። አንዱ "ኪኔማቲክ ቦዲ የሚለውን ምረጡ" አለኝ፤ ጌም ውስጥ ለሚራመድ ነገር የሚመረጥ ክፍል ነው፤ አንድ ማታ ሙሉ ዝርዝሩን ወደ ላይ ወደ ታች ሳመላልስ አደርኩ። የለም። ለካ 2023 ላይ ጎዶት 4 ሲወጣ ስሙ ካራክተር ቦዲ ሆኗል፤ ቪዲዮው የድሮ ነው። ፓኬጄ ያለቀው እሱን ሳይ ነው። ሌላው ደግሞ ለመዝለል መቀነስ 400 ጻፉ ይላል። በጎዶት አገር ቁጥሩ ወደ ታች ሲወርድ ይጨምራል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀንሳል። እኔ በሙያዬ የመቀነስ ምልክት ሳይ እጄ ይበላኛል፤ አጠፋሁት። በጉ ቦይ መዝለል ትቶ መሬቱን መግፋት ጀመረ።

በሚቀጥለው እሑድ ስሜን ላጥብ ብዬ አጎቴን አስረዳሁት። "አጎቴ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ትልልቆቹም ላይ ደርሷል" አልኩት። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሚባል ጃፓናዊ በ1978፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ስፔስ ኢንቬደርስ የሚባለውን ጌም ሲሠራ ማሽኑ ሁሉንም ጠላቶች ባንዴ ለመሳል አቅም አጥሮት ይጎተት ነበር። ተጫዋቹ እየገደለ ቁጥራቸውን ሲቀንስ ማሽኑ ይቀለዋል፣ የቀሩት ይፈጥናሉ። ሰውየው አስቦበት አልነበረም፤ ሲያየው ግን ጨዋታውን አጣፈጠው፣ ተወው። ዓለም አጨበጨበለት።

አጎቴ በጥሞና ሰማኝ። ወሬዬን ሊያከሽፍብኝ መሆኑን ከፈገግታው መጠርጠር ነበረብኝ።

"እሱ በግ ነበረው?" አለኝ።

ያን ማታ ዴልታን ጨመርኩ። ላፕቶፑን ዘጋሁ። አልሞከርኩትም፤ አንድ ቃል ነው፣ ምን ይሞከራል? ፋይሉን ለልጁ በቴሌግራም ላክሁለትና "አሁን ተስተካክሏል፣ ለሁሉም አሳያቸው" አልኩት።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ።

"ጋሼ፣ በጉ ቆሟል።"

"እንዴት ቆመ?"

"እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ ግን አይሄድም። ሚኒባሱ እየጠበቀው ነው።"

5ቱን መቀየር ረስቻለሁ። በየሥዕሉ የነበረው 5 ፒክስል አሁን በየሴኮንዱ 5 ፒክስል ሆኗል። መንገዱን ለመሻገር ወደ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። 100 መሆን ነበረበት። ይህን ለልጁ ላስረዳ አፌን ስከፍት ከወዲያ የቤቱ ሁካታ ይሰማኛል። አንዱ "በጉ ተገኘ!" እያለ ሌላውን ይጠራል። አጎቴ መነጽሩን አምጡ ይላል። በመሀል የአክስቴ ድምፅ ወደ ስልኩ ቀረበ።

"አንተ ልጅ፣ አትጨቅጭቀው። ያን ያህል ሮጦ፣ ይረፍ እንጂ።"