ሸዋ የሚቀመጠው ማነው?

ዛሬ ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ደርሶ የሚመጣ ነገር ነው፤ እዚህ አገር በክረምት 10 ሰዓት ሳይሞላ ስለሚጨልም ይሆናል። ልብስ ላጥብ ብዬ ተነሥቼ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወተውን የጦርነት ጨዋታ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

ዳ. ወደ ካልጋሪ ከሄደ ወዲህ ሦስት ቀርተናል፦ እኔ፣ ት. እና ሻለቃ። አራት እያለን ሁለት ለሁለት መግጠም ነበር፣ አለቀ። ሦስት ሲሆን ግን ነገር ይበላሻል። ወይ ሁለቱ ተመካክረው አንዱን ይጨርሱታል፣ ወይ ሁለቱ ሲተላለቁ ሦስተኛው ዳር ሆኖ ቆሎውን ይቆረጥማል። ለቅዳሜ ሲናሪዮ (የምንጫወተውን የጦርነት ታሪክ) የመምረጥ ተራው ደግሞ የእኔ ነው።

መጀመሪያ የዋተርሉን ውጊያ አሰብኩ። ናፖሊዮን፣ ዌሊንግተን፣ ብሉኸር፤ ሦስት ጦር በአንድ ሜዳ። ችግሩ የፕሩሲያዎቹ አዛዥ ብሉኸር በዕጣ የሚደርሰው ተጫዋች ነው። ውጊያው ረፋድ 5:30 ገደማ ተጀምሮ ፕሩሲያዎቹ የሚገቡበት 10:30 አካባቢ ነው። በእኛ ሕግ አንድ ተራ ግማሽ ሰዓት ስለሆነ ያ ሰው አስር ተራ ሙሉ ቡና ሲያፈላ ይውላል። ት. አንዴ ይሄ ዕጣ ደርሷት፣ «ሚዜ እንኳ ከዚህ የበለጠ ሥራ አለው» ብላ እስከ ዛሬ ትነግረኛለች።

ዓድዋስ? ሦስታችንም ጣሊያን ብንሆን ግሩም ጨዋታ ይወጣዋል። አልበርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳ በሌሊት ሦስት መንገድ ይዘው ይወጣሉ፤ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ የቱ እንደሆነ ካርታው ያሳስታቸዋል፤ አልበርቶኔ ብቻውን ቀድሞ ሄዶ እሳት ውስጥ ይገባል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ እንዳያወሩ እከለክላለሁ፤ የኢትዮጵያን ጦር ዳይሱና ሕጉ ያንቀሳቅሱታል። ለሻለቃ ደውዬ ነገርኩት። «እኔ? ጣሊያን? እናቴ ብትሰማስ?» ብሎ ዘጋብኝ። በልጅነታችንም እንዲሁ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ጣሊያን የሚደረገው ሁልጊዜ ትንሹ ልጅ ነው። (ትንሹ እኔ ነበርኩ።)

ከዚያ የመቅደላ ማግስት ትዝ አለኝ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሽጉጡን ሲጠጣ ዙፋኑን የሚያዩ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ዋግሹም ጎበዜ በላስታ፣ ካሳ ምርጫ በትግራይ፣ ምኒልክ በሸዋ። ማንም ተቀምጦ የሚፈጥረው ሲናሪዮ ከዚህ አይበልጥም። ጎበዜ ቀድሞ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ፤ ሠራዊቱ ብዙ ነው። ካሳ ሰው ያንሰዋል፤ ግን እንግሊዞች ሲወጡ ለውለታው የተዉለት መድፍና ጠመንጃ አለው። በዚያ ላይ የካሳ እህት ድንቅነሽ የተክለ ጊዮርጊስ ሚስት ነች። ለዚህ ምን ዓይነት ካርድ እንደምሠራለት እግዜር ይወቅ። ሐምሌ 1863 ዓድዋ አጠገብ አሰም ላይ ተገናኙ፤ 60,000 ለ12,000 ይባላል። ጥቂቶቹ አሸነፉ። የጎበዜን መጨረሻ እዚህ አልጽፈውም፣ ቀኑ ራሱ ከብዶኛል። ካሳ በጥር 1864 አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብሎ ዘውድ ጫነ።

ሦስተኛውስ? ሸዋ ተቀመጠ። ወሎ ላይ እጁን እየዘረጋ፣ ጠመንጃ እየሰበሰበ፣ በቤቱ ራሱን ንጉሠ ነገሥት እያለ ተቀመጠ። ከዚያ በፊትም፣ ቴዎድሮስ ሊወድቅ ሲል፣ መቅደላ አጠገብ ድረስ ዘምቶ ሳይዋጋ ተመልሷል። 1870 ላይ ልቼ ወርዶ ለዮሐንስ ገበረ። ተሸነፈ እንበል? ዮሐንስ መጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቀ፣ ዙፋኑም ወደ ሸዋ መጣ።

እዚህ ላይ ዳይሱን አስቀምጬ ቀረሁ። ታላቄና እህቴ በአንድ ቤት ነገር ሲነታረኩ እኔ «የተስማማችሁበት ይስማማኛል» እያልኩ ስንት ጊዜዬ! ትናንት ማታም ደውለው ነበር፤ እሱ ለብቻው፣ እሷም ለብቻዋ። ሁለቱም ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ቃል ነው። ስልኩን ስዘጋ ብልህ የሆንኩ ይመስለኛል። ምኒልክ ሲቀመጥ ግን ጠመንጃ ይሰበስብ ነበር። እኔ ስቀመጥ የምሰበስበው ያልታጠበ ልብስ ነው።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ማን እንዳሸነፈ የሚወስነው ጨዋታው የሚያልቅበት ዓመት ነው። 1864 ላይ ካቆምኩት የካሳ ነው፤ 1881 ድረስ ከሳብኩት የምኒልክ ነው። ጎበዜ የደረሰው ምስኪን በሁለቱም ቡና ማፍላቱ አይቀርለትም። እስከ 1881 ይሁን ብል፣ መቀመጥ ምን ያህል ነጥብ ያስገኛል? «በተራው ያልተዋጋ ጠመንጃ ይጨመርለት» የሚል ሕግ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ይሄ ከጸደቀ ሻለቃ እንኳ ይቀመጣል፤ ሦስታችንም ጠመንጃችንን ስንቆጥር፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ሊነጋብን ነው። ካልጻፍኩት ደግሞ ምኒልክን ማን ይመርጠዋል? ከእኔ በቀር ማለቴ ነው።